የራስ ቅል ማጽዳትና ማንጣት፦ ዋናው ሥራ ስቡን ማውጣት ነው

ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢጫ እየሆነ የሚሄድ፣ ሲነኩት ጣት ላይ ቅባት የሚተው የራስ ቅል ካያችሁ ጥፋቱ የማንጫው አይደለም፤ ስቡ ከአጥንቱ ውስጥ አልወጣም። ብዙ ሰው ሥጋው እንደለቀቀ በቀጥታ ወደ ማንጣት ይሄዳል። ሳይደበዝዝ የሚቆይ ነጭ አጥንት የሚገኘው ግን በመሃል ያሉትን የሳሙና ውሃ ሳምንታት ለታገሰ ሰው ነው። አዳማ ላይ ለሚሠራ ሙቀቱ ትልቅ ረዳት ነው፤ ሥጋውን የሚያስለቅቁት ባክቴሪያዎችም፣ ስቡን የሚያወጣው ሳሙናም ሙቅ ውሃ ይወዳሉ።

በመጀመሪያ ጭንቅላቱን በጥንቃቄ ምረጡ። የሚሻለው ለበዓል እቤት ከታረደ ወይም ከቄራ ከወጣ ጤነኛ እንስሳ የተገኘ ነው። አራጁን አስቀድማችሁ አነጋግሩት፤ አንጎሉን ለማውጣት በመጥረቢያ ከፈለጠው ወይም ቀንዱን ከሥሩ ከመታው ለግድግዳ አይሆንም። ለጀማሪ ጎልማሳ ፍየል ይመረጣል። የጠቦትና የግልገል አጥንቶች ገና በደንብ ስላልተያያዙ ውሃ ውስጥ ይለያያሉ። የሰባ ሙክት ቅሉ ጠንካራ ቢሆንም ስቡ አጥንቱ ድረስ ስለገባ የሳሙናውን ጊዜ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። በሬ ግርማ አለው፤ ግን ግማሽ በርሜል ውሃና ወራት ይጠይቃል።

ሜዳ ላይ ሞቶ የተገኘ ከብት አትንኩ። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የፈሰሰው እንስሳ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ለአካባቢያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ወደ መተሐራና አዋሽ በሚወስደው መንገድ ዳር ወድቆ የምታዩትን የዱር እንስሳ ቅልም እዚያው ተዉት። የዱር እንስሳት ውጤትን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ክልክል ነው።

ጭንቅላቱ እንደመጣ በዚያው ቀን ግፈፉት። ቆዳውን፣ ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ ምላሱንና የጉንጩን ሥጋ በስለታም ቢላ አንሡ፤ አጥንቱን ግን አትፋቁ፣ የቢላ ጭረት ከነጣ በኋላ ጎልቶ ይታያል። የታችኛውን መንጋጋ ለዩት። አንጎሉ የሚወጣው ከማጅራቱ በኩል ባለው ክብ ቀዳዳ ነው፤ ጫፉ በታጠፈ ሽቦ አማስላችሁ በውሃ አጥቡት፣ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙ። በአፍንጫው በኩል ሽቦ አታስገቡ። እዚያ ያሉት አጥንቶች ከወረቀት ብዙም አይወፍሩም፤ ውሃው ራሱ ያጸዳቸዋል። ቆዳ እንዳይበላሽ እንደሚደረገው ጨው መነስነስ እዚህ ጉዳት አለው፤ መበስበሱን ያቆመዋል፣ የምንፈልገው ደግሞ እንዲበሰብስ ነው። ፀሐይ ላይ ማድረቅም እንዲሁ፤ ሥጋው አጥንቱ ላይ ይደርቃል፣ ስቡም ቀልጦ ወደ ውስጥ ይገባል።

ለፍየልና ለበግ ክዳን ያለው 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል። ቅሉን ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍነው ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበት። የመጀመሪያው ውሃ ደም ስለሚሆን በማግስቱ ድፉት፤ ደሙ ከቆየ አጥንቱን ሮዝ ወይም ቡናማ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ግን ውሃውን ሙሉ በሙሉ አትቀይሩ። በየአምስት ቀኑ ገደማ ግማሹን ብቻ ደፍታችሁ አዲስ ጨምሩ፤ የሚቀረው አሮጌ ውሃ እንደ እርሾ ነው፣ ሥራውን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይዞ ይቆያል። የሚፈለገው ሙቀት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ጥቁር ባልዲ ከቆርቆሮ አጥር ሥር ፀሐይ ሲያገኝ ቀን ላይ እዚህ ይደርሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በጆንያ ጠቅልሉት፣ ጊዜውም እንደሚረዝም ጠብቁ።

ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ጋዝ ስለሚፈጠር ሊፈነዳ ይችላል። ክዳኑ ላይ ከባድ ድንጋይ ጫኑ፣ የግቢ ውሻ ሽታውን ከሩቅ ያገኘዋል። በክዳኑና በባልዲው መካከል ባረጀ አጎበር ቁራጭ ሸፍኑ፤ የቆመ ውሃ ለትንኝ መራቢያ እንዳይሆን፣ ዝንብም እንዳይገባ። ባልዲው ከወጥ ቤትና ከጎረቤት መስኮት ርቆ፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤት በማያመጣበት ጥግ ይቀመጥ። ሽታው ቀላል አይደለም። ጎረቤትን አስቀድሞ መንገር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

በሞቃት ወራት የፍየል ቅል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይበቃዋል፤ የበሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ይወስዳል። ያለቀ መሆኑን የምታውቁት የቀረው ሥጋ በጣት ሲነካ ያለ ጉልበት ሲለቅ ነው። የሚፋቅ ከሆነ አልደረሰም፣ መልሱት። ውሃውን የምትደፉት በወንፊት በኩል፣ ከጉድጓድ ውሃ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በአፈር ሙሉት። ወንፊቱ የግድ ነው፣ ጥርሶች እየወለቁ ከታች ይቀመጣሉና። ያደገ ፍየል፣ በግም ሆነ በሬ 32 ጥርስ አለው፤ ከላይ 12፣ ከታች 20። ከላይ በፊት በኩል ከመጀመሪያውም ጥርስ ስለሌላቸው የጠፋ መስሏችሁ አትፈልጉ።

ቀንዱን በተመለከተ፣ የሚታየው ሽፋን ነው፤ ከውስጡ ከቅሉ ጋር አንድ የሆነ አጥንት አለ። በመካከላቸው ያለው ሥጋ ሲበሰብስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሽፋኑ በእጅ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ይወልቃል። እምቢ ካለ በመዶሻ አትምቱት፣ ጥቂት ቀን ጨምሩለት። ከወለቀ በኋላ የቀኙንና የግራውን ለዩና ምልክት አድርጉባቸው፣ ውስጡን በሳሙናና በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። ሽፋኑ ወደ ማንጫው በፍጹም አይገባም፤ ቀለሙን ያጣል። ቤት ውስጥ ከተሰቀለ በኋላ የሚሸት ቅል ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳይወልቅ የቀረ ቀንድ ነው።

ለቸኮለ ሰው ማብሰል አለ። ግን ሲንተከተክ መተው ቅሉን ያበላሻል፦ ስቡ ወደ አጥንቱ ዘልቆ ይገባል፣ ጥርስ ይሰነጠቃል፣ የአፍንጫው አጥንት ይለያያል። አዳማ ከፍታዋ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ለአጥንት ብዙ ነው። ለጠንካራ የበሬ ቅል ካልሆነ በቀር አንመክረውም፤ እሱንም ቢሆን እንፋሎት እያወጣ ግን ሳይፈላ ያዙት።

አሁን ወደ ስቡ። ቅሉን ካጠባችሁ በኋላ በ20 ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ኩባያ ያህል ላርጎ ጨምራችሁ ዝፈቁት። ውሃው እጅ የሚችለው ሙቀት፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ይሁን። ጥቁር በርሜል ፀሐይ ላይ ማቆም ይጠቅማል፤ ማታ ማታ አንድ ማሰሮ የሞቀ ውሃ መጨመር የበለጠ ያፈጥነዋል። ጠዋት ስትከፍቱት ውሃው ላይ ቀጭን፣ በጣት ሲገፋ የሚሰበሰብ ነጭ ሽፋን ታያላችሁ፤ ከአጥንቱ የወጣው ስብ ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ ውሃውን ቀይሩ። ተከታታይ ሁለት ጊዜ የተቀየረ ውሃ ጥርት ብሎ ከቆየ ቅሉን አውጥታችሁ ጥላ ላይ ለአራት አምስት ቀን አድርቁና መርምሩት። እርጥብ አጥንት ሁሉም ንጹሕ ይመስላል፤ ስቡ የሚታየው ሲደርቅ ነው። ከማጅራቱ፣ ከቀንዱ ሥርና ከመንጋጋው መታጠፊያ አጠገብ ቢጫ ወይም ጠቆር ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ወደ ሳሙናው ይመለሳል። ለፍየል አንድ ወር ያህል፣ ለሙክትና ለበሬ ከሁለት ወር በላይ አስቡ። መታገሥ የሚከብደው እዚህ ነው፣ ትርፉ ያለውም እዚሁ ነው።

ለማንጣት በረኪና አትጠቀሙ። ለጥቂት ቀን ነጭ ያደርጋል፤ ነገር ግን አጥንቱን አያይዞ የያዘውን ፕሮቲን ስለሚበላው ቆይቶ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል፣ በደንብ ታጥቦም መጉዳቱን ላያቆም ይችላል። አቼቶና ሎሚም አይሆኑም፤ አሲድ የአጥንቱን ካልሲየም ያሟሟዋል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልማ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ትክክለኛው ማንጫ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ ውስጥ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው 3 ከመቶው በቂ ነው። ችግሩ ጠርሙሶቹ ትናንሽ መሆናቸውና ለአንድ የፍየል ቅል ከ4 እስከ 5 ሊትር ማስፈለጉ ነው። ስለዚህ ቅሉ ጠበብ ብሎ የሚገባበትን የፕላስቲክ ዕቃ ምረጡ፤ ክፍት ቦታውን ውሃ በተሞሉና በተከደኑ የሃይላንድ ፕላስቲኮች ሙሉት፣ የሚያስፈልገው ፈሳሽ በብዙ ይቀንሳል። ፈሳሽ 12 ከመቶ ካገኛችሁ 1 ሊትሩን በ3 ሊትር ውሃ አቅጥኑት፣ 3 ከመቶ ይሆናል። 35 ከመቶው የቤት ዕቃ አይደለም፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይንም ያጠፋል። የቀጠነውን ስትይዙም ቢሆን የጎማ ጓንትና መነጽር አድርጉ።

ቅሉ ከፈሳሹ በላይ ብቅ እንዳይል በሸክላ ሳህን ጫኑት፤ ብቅ ያለው ክፍል ሳይነጣ ቀርቶ መስመር ይሠራል። ብረት ዕቃ አትጠቀሙ፣ የዛገ ነገር እድፍ ያመጣል፣ ፈሳሹንም ቶሎ ይሰብረዋል። ክዳኑን እዚህም አታጥብቁ፣ ኦክስጅን ይወጣልና። ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ ብርሃን ፈሳሹን ያዳክመዋል። መጀመሪያ አረፋ ይበዛል፤ አረፋው ቆሞ አጥንቱ ገና ቢጫ ከሆነ ፈሳሹ አልቋል ማለት ነው። በ3 ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይበቃል። ከዚያ በላይ ማቆየት ጥርሱን ያሰነጥቃል፤ በተፈጥሮ አጥንት ትንሽ ክሬም ያዘለ ነጭ ስለሆነ ወረቀት እንዲመስል አትታገሉ።

የበሬ ቅል በዚህ መንገድ ውድ ነው። ለሱ የፀጉር ቀለም ከሚሸጡ የውበት ዕቃ መደብሮች ባለ 40 ቮልዩም ኦክሲዳንት ክሬም ግዙ፤ 12 ከመቶ ማለት ነው። የቀንዱ ሽፋን ገና ካልወለቀ በፌስታል ጠቅልሉት፤ ክሬሙን በብሩሽ ቅቡ፣ እንዳይደርቅ መላውን በፌስታል ሸፍኑና ጥላ ላይ ለ24 ሰዓት ተዉት። በደንብ አጥባችሁ ካስፈለገ ድገሙ። ከፀጉር ማቅለሚያው ሰማያዊ ዱቄት ጋር አትቀላቅሉት፣ ቀለሙ በአጥንቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሊቀር ይችላል።

የነጣውን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡና ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ለአንድ ሳምንት ያህል አድርቁት። የአዳማ የቀትር ፀሐይ እርጥብ ቅልን በፍጥነት ስለሚያደርቀው ጥርስና መገጣጠሚያ ይሰነጠቃል። የወለቁ ጥርሶችን አናጺዎች በሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ በየቦታቸው መልሱ፤ ከተሳሳታችሁ በሙቅ ውሃ ይለቃል፣ ሱፐር ግሉ ግን አይለቅም። ቀንዱንም በዚሁ ኮላ መልሱ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ነቀዝ ከገባበት አውልቆ ማጽዳት ይቻላል። ከአቧራ ለመከላከል አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥናችሁ በስሱ ቅቡት። ቫርኒሽ ይቅር፣ እሱ ራሱ ቢጫ ይሆናል። የፍየል ቅል በአንድ ሚስማር ይሰቀላል፤ ለበሬ ግን ግድግዳውን በስታችሁ ፊሸር አስገቡ፣ ብሎኑንም ከማጅራቱ ቀዳዳ በላይ ባለው ወፍራም አጥንት በኩል አሳርፉት።