የማሰሮ ተክል፦ ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት

በማሰሮ የተተከለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው፤ በተለይ ወቅት ሲቀየር። በሞቃቱ ወቅት በሳምንት ሁለቴ ሲጠጣ የነበረ ተክል፣ ብርዱና ደመናው ሲመጣ ያንኑ ያህል ውሃ መጨረስ አይችልም። ብርሃን ሲቀንስ እድገቱ ይገታል፣ ሥሩም የሚስበው ውሃ ያንሳል። ስለዚህ ቀን ቆጥረው አያጠጡ። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። ርጥብ አፈር ጣትዎ ላይ ከተጣበቀ ይተዉት። ከደረቀ ግን ውሃው ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ያጠጡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ይድፉ። እሬትና ቁልቋል ከዚህም ይለያሉ፤ የእነሱ አፈር እስከ ታች መድረቅ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሥሩ የበሰበሰ ተክልም ልክ እንደተጠማው ይጠወልጋል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተኛ ውሃ መጨመር መግደል ነው። ተክሉን አውጥተው ሥሩን ይዩ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ሳብ ሲያደርጉት ላዩ ተላቆ እጅዎ ላይ ይቀርና ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይተርፋል። ይህን ሁሉ በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በአዲስ አፈር ይትከሉት።

ለአፈሩ 2 እጅ የአትክልት አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ ሻካራ አሸዋ ይበቃል። ማሰሮው ከድሮው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ትልቅ ማሰሮ ሥር ያልደረሰበት አፈር ይበዛበትና ሳይደርቅ ይሰነብታል። ከታች ጠጠር ማንጠፉ ደግሞ የሚጠቅም ይመስላል እንጂ አይጠቅምም፤ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ጠጠሩ በቀላሉ ስለማይወርድ ረግረጉ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ቀዳዳውን በቁራጭ ወንፊት መሸፈን በቂ ነው። ማሰሮ የሚቀየረው አዲስ ቡቃያ ብቅ ሲል ነው፤ ማዳበሪያም ያኔ ይጀመራል፣ እድገቱ ሲገታ ይቆማል።

ሞቃቱ ወቅት ሲገባ ወደ ደጅ ሲያወጡ አይቸኩሉ። መስኮት ሥር የኖረ ቅጠል ቀጥተኛ ፀሐይ አያውቅም፤ በአንድ ከሰዓት ተቃጥሎ ገለባ የመሰለ ነጭ ጠባሳ ያወጣል፣ ጠባሳውም አይለቅም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ሥር ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ የማለዳ ፀሐይ፣ እንዲህ እያሉ በ10 ቀን ያላምዱት። ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ ማሰሮውን ጡብ ላይ ከፍ ያድርጉት፣ ሳህኑንም ያንሱ። መሬት ላይ ለተተከሉት በደረቁ ወቅት 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ ዙሪያቸውን ያልብሱ፤ ግንዱን ግን አያስነኩ፣ ያበሰብሰዋል።

የሌሊቱ ሙቀት ወደ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ሙቀት ወዳድ የሆኑትን ያስገቡ። ከማስገባትዎ በፊት የቅጠሉን ጀርባ ይመርምሩ። ቅጠሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ከገረጣና ስስ ድር ካዩ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው፤ ቀንበጡ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት ተከማችተው ቅጠሉን የሚያጣብቁ ከሆነ ክሽክሽ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው እስከ ማግስቱ ይጠብቁ። ሳሙናው እንቁላሉን አይገድልም፣ ስለዚህ በየ5 ቀኑ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ከገባ በኋላም ሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ለብቻው ይቆይ።

ፋይከስ የተባለው የቤት ውስጥ ተክል ከገባ በኋላ ቅጠሉን ቢያራግፍ አይደንግጡ፤ የብርሃን ለውጥ ነው። ቦታውን ደግመው አይቀያይሩበት፣ ውሃም አይጨምሩለት። ቅርንጫፉን በጥፍርዎ ትንሽ ፋቅ ያድርጉት፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።