የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ሲያፈስ «ሲል» (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ከመግዛታችሁ በፊት

የድሮ ፎር ዊል የምትነዱ ሰዎች ከኋላ ዲፈረንሻሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ጥርሶች ያሉበት ቤት) ዘይት ሲንጠባጠብ ካያችሁ ወዲያው «ሲል» ልግዛ አትበሉ፣ መጀመሪያ መተንፈሻውን እዩ። አክስሉ (ዲፈረንሻሉን ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጋር የሚያገናኘው) ላይ ከላይ በኩል ቆብ ያለው ወይ ቀጭን የጎማ ቱቦ የተሰካበት ትንሽ ነገር አለ፣ እሱ በጭቃ ከተደፈነ መኪናው ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በደህናው ሲል በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። አዲስ ሲል ገብቶ ወዲያው መልሶ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፍቱት፣ በናፍጣ እጠቡት፣ አየር ካላሳለፈ ቀይሩት።

ከዛ የዘይቱን ልክ እዩ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የመሙያውን ቡሎን ስትፈቱ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ እኩል መሆን አለበት፣ ፈልቅቆ ከወጣ ከመጠን በላይ ተሞልቷል ማለት ነው። ነጭ ወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፣ የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና በተበላሸ ሲል በኩል ውሃ ይስባል፣ እንደዚህ ሆኖ አትንዱት፣ ኩሽኔታውንም (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረውን) ጥርሱንም ይበላዋል።

አሁን ዘይቱ የሚያፈስበትን ቦታ እንፈልግ። ሁሉንም አጥባችሁ አድርቁ፣ የሕፃናት ፓውደር ነስንሱበት፣ ትንሽ ነድታችሁ ተመለሱና የቱ ጋ እንደረጠበ እዩ፣ ሳይታጠብ መፈለግ ድካም ብቻ ነው ምክንያቱም ንፋሱ ከሞተርና ከካምቢዮ የወጣውንም ዘይት ወደ ኋላ ያመጣዋል። አሽትቱትም፣ የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው ድኝ ድኝ ይላል፣ የፍሬን ዘይት ግን ቀጭን ነው ቀለምም ይልጣል። ስር ስትገቡ በክሪክ ብቻ እንዳትተማመኑ እባካችሁ፣ ስታንድ አድርጉበት ጎማም አስደግፉ።

ዲፈረንሻሉ ከፊት በኩል፣ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ የሚገባበት ጋ ከረጠበና ከላይ ያለው የመኪናው ወለል ላይ ተረጭቶ መስመር ከሰራ የፒኒየኑ (ከዘንጉ ጋር የሚዞረው ትንሹ ጥርስ) ሲል ነው። እሱን ከመቀየራችሁ በፊት ፍላንጁን (ዘንጉ የሚታሰርበትን) ይዛችሁ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቁት፣ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋልና አዲስ ሲል ብቻ ብታስገቡ አይቆይም። ፍላንጁ ላይ ሲሉ የሚቀመጥበት ቦታ በጥፍር የሚታወቅ ጉድጓድ ካለውም እንደዛው ነው። ፍላንጁን የያዘውን ነት ስትፈቱ ደግሞ የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ብዙዎቹ ዲፈረንሻሎች ውስጣቸው ነቱ ሲጠብቅ የሚጨማደድ ቱቦ አላቸው፣ ነቱ ከልኩ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይጨናነቃል።

ጎማው ከውስጥ በኩል ከረጠበ የአክስሉ ሲል ነው፣ እዚህ ጋ ግን ቀልድ የለም፣ ዘይቱ የፍሬን ሸራው ላይ ከደረሰ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል ወይ አይይዝም። ታምቡሩን (የፍሬን ሸራውን የሸፈነውን ክብ ብረት) አውጥታችሁ እዩ፣ ሸራው ዘይት ከጠጣ በቤንዚን አጥቦ መመለስ አያዋጣም፣ ሁለቱንም ጎን ቀይሩ። ሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት) ለብቻው በግራሶ የሚሰራበት አክስል ከሆነ ግራሶው ቀጥኖ ሾርባ መስሎ ታገኙታላችሁ፣ እሱም ከውስጥ ያለው ሲል እንደለቀቀ ያሳያል።

የቀረው ቀላል ነው፣ የዲፈረንሻሉ ክዳን ዙሪያ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ (ከክዳኑ ስር ያለው ማሸጊያ) ነው፣ የዘይት ማውጫው ቡሎን ጋ ከሆነ ሮንዴላው (ከቡሎኑ ስር ያለው ቀለበት)። ዘይቱን ስትቀይሩ ግን ማውጫውን ከመክፈታችሁ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱን አረጋግጡ፣ እሱ እምቢ ካለ ባዶ አክስል ይዛችሁ ትቀራላችሁ።