ዋልካው ቀለም አልይዝ ሲል፦ መጀመሪያ ሳሙናውን ይጠርጥሩ

የአቃቂ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ስሜክታይት (ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድን) የበዛበት ሸክላ ነው፤ ቀለምና በካይ ከፍሳሽ ለመያዝ ይሞከራል። በንጹሕ ውሃ ሲሞከር ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ፖዘቲቭ ሰማያዊ ቀለም ጥርግ አድርጎ ይይዛል። የማቅለሚያና የማጠቢያ ፍሳሽ ላይ ግን ይለግማል።

ምልክት፦ በንጹሕ ውሃ ይይዛል፣ በፍሳሹ አይይዝም።
ምክንያት፦ የሸክላው ገጽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ፖዘቲቭ ቀለም ይስባል። የልብስ ሳሙና ዋና ሰርፋክታንትም (ቅባት የሚያስለቅቀውና አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር) ኔጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙን ከሸክላው ይሻማል። ሳሙናው ሲበዛ ደግሞ ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ሚሴል ይሠራሉ (የተለመደው የማጽጃ ሰርፋክታንት ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት በንጹሕ ውሃ ከ2.4 ግራም በሊትር አካባቢ ጀምሮ፣ ጨው ካለ ከዚያም ባነሰ)። ዘይት ነክ በካይ እዚያ ውስጥ ገብቶ ከውሃው ጋር ይሄዳል።
ማረጋገጫ፦ አንድ ዓይነት የቀለም ውሃ በሦስት ብልቃጥ ይቅዱ። አንዱ ላይ ዋልካ ብቻ፣ ሁለተኛው ላይ ዋልካና 3 ግራም በሊትር ሳሙና፣ ሦስተኛው ላይ ሳሙና ብቻ ያድርጉ። ሦስተኛውን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ ሳሙና ራሱ የቀለሙን ንባብ ስለሚያዛባ ሸክላው ያልሠራውን ሥራ ለሸክላው ያስቆጥራል።
መፍትሄ፦ የማጠቢያውን ውሃ ከማቅለሚያው ከምንጩ ይለዩ። ዋልካ መጨመር ዝቃጭ ማብዛት ነው።

ምልክት፦ እንደ ፌኖል ያለ ኦርጋኒክ በካይ እንዲይዝ በሲቲኤቢ (ፖዘቲቭ ሰርፋክታንት) የታከመው ሸክላ ሲናጥ አረፋ ያወጣል፣ ፌኖሉንም በደንብ አይይዝም።
ምክንያት፦ ሲቲኤቢው ከልክ አልፏል። አዮን የመለወጥ አቅሙ (ገጹ ላይ መያዝ የሚችለው የፖዘቲቭ አዮን መጠን) በ100 ግራም 80 ሚሊ ኢኩቫለንት ለሆነ ሸክላ፣ ለ10 ግራም 2.9 ግራም ሲቲኤቢ ይበቃል። ዋልካ እርጥበት ስለሚሸከም በ105 ዲግሪ ሳይደርቅ ከተመዘነ ሒሳቡ ይፋለሳል። ከልክ ያለፈው ሁለተኛ ድርብ ሠርቶ ገጹን ፖዘቲቭ ያደርጋል። ለኔጌቲቭ ቀለም ይህ ይጠቅማል፤ በደንብ ያልተያዘው ትርፍ ግን ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል።
መፍትሄ፦ በሞቀ ውሃ ደጋግመው ይጠቡ። አረፋው ጠፍቶ፣ እጣቢው ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ደመና መሥራት ሲያቆም የሲቲኤቢው ብሮማይድ ወጥቷል።

ምልክት፦ ማታ የተበጠበጠው ሲቲኤቢ ጠዋት ነጭ መርፌ መስሎ ብልቃጡ ሥር ይገኛል።
ይህ ብርድ ነው። ሲቲኤቢ ከ25 ዲግሪ በታች ይረጋል፤ የሱሉልታ የታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይቀዘቅዛል። ያንኑ ብልቃጥ 50 ዲግሪ ድረስ አሙቀው እያማሰሉ ያሟሙት፤ ሸክላውንም በዚያው ሙቀት ይጨምሩ። ላዩን ብቻ ቀድቶ መጠቀም መጠኑን ያጎድላል። እጣቢውን ለይተው በጀሪካን ያጠራቅሙ፤ ዓሣ ስለሚገድል ወንዝ ውስጥ አይደፋም።