ሰላጣ እንዴት ይታጠባል? የወስፋት እንቁላል በሎሚ አይሞትም

ጥሬ ሰላጣ ላይ ሎሚና አቼቶ ማፍሰስ ያጣፍጠዋል እንጂ ከወስፋት አያድንም። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም፣ ላዩም የሚጣበቅ ነው፤ ለመጠጥ ውሃ የሚጨመረው ክሎሪን አይበግረውም፣ ፍሪጅም አይገድለውም። ያለው አማራጭ ከቅጠሉ ላይ አላቅቆ ማስወገድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት የሚጠጣው የከተማው ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ውሃ ነው። ጉሊት ላይ እንዳይጠወልግ የሚረጭበት ውሃም ንጹሕ ላይሆን ይችላል።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የውጭዎቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ይጣሉ፤ ሥሩን ቆርጠው የቀረውን አንድ በአንድ ይገንጥሉ። እንደተጠቀለለ ነክሮ ማውጣት ማጠብ አይባልም።

እያንዳንዱን ቅጠል ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ ሥር ይዘው ፊቱንም ጀርባውንም በጣት ይሹት። የተሸበሸበውን ጫፍ ይዘርጉት። ከሁሉ በላይ ነጩን ግርጌ፣ እንደ ማንኪያ የጎደጎደውን ቦታ ይሹ፤ አፈሩ የሚያደፍጠው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ቅጠሉ እንደልብ በሚንሳፈፍበት ሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ ያማስሉትና 5 ደቂቃ ይተዉት። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሳፋውን አዘንብለው ውሃውን ከደፉ፣ የዘቀጠው አሸዋ ከነእንቁላሉ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይተኛል። ቅጠሉን በሁለት እጅዎ ከላይ አንስተው ወንፊት ላይ ያድርጉት፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ይደፋል፣ ሳፋውም ይታጠባል። ይህን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያድርጉ። የሳፋውን ወለል በጣትዎ ሲዳስሱ የሚሻክር ነገር ካለ ገና ነው። እንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ ምልክቱ አፈሩ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ይከብዳል፤ ያለው አንድ ባልዲ ብቻ ከሆነ ሰላጣው ይቅር፣ ጎመን ይሠራ።

በረኪና ለባክቴሪያ ይረዳል፣ ግን እጥበቱን አይተካም። ሽታ የተጨመረበትን አይጠቀሙ፤ ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አያቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁ፤ ጃርዲያና አሜባ በማለቅለቂያው ውሃ ተመልሰው እንዳይገቡ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁትና ሥጋ ባልነካው መክተፊያ ይክተፉ። ከመታጠቡ በፊት የተከተፈ ሰላጣ አይግዙ።

ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ቅጠሉን አብስለው ይስጡ፤ በደንብ በፈላ ቅጠል ላይ የወስፋት እንቁላል አይተርፍም።