በርቀት የሚሠራ ቡድን የመልእክት ኃላፊነትን እንዴት እንደሚከፋፈል

በእድር ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡና ጥሩንባ ነፊው አስቀድመው የታወቁ ስለሆኑ፣ ሌሊት ሰው ሲሞት ማን ይለፍፍ የሚል ክርክር አይነሳም። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢትና አዲስ አበባ ሆነው በቴሌግራምና በዙም የሚሠሩ ሰዎች ግን ይህን ሳይወስኑ ስለሚጀምሩ፣ ኃላፊነቱ ኔትወርኩ ለተሻለው ወይም ቶሎ ለሚመልሰው ሰው በዝምታ ይወድቃል።

በመጀመሪያ አንድ ሳምንት ታዘቡ። ጉዳይ የሚከፍተው፣ የሚጠይቀው፣ የተጋጩትን የሚያስማማው ማን ነው? የቡድን አሠራርን ያጠኑት ኬኔት ቤንና ፖል ሺትስ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራውን የሚያራምዱ፣ ኅብረቱን የሚጠብቁና የግል ፍላጎትን ብቻ የሚያገለግሉ ሚናዎችን ለይተዋል፤ ክፍፍሉ ለትዝብታችሁ ይረዳል።

ቀጥሎ ቢያንስ አወያይ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥና አገናኝ በስም ሰይሙ። አወያዩ ተራ ይሰጣል፤ በየወሩ ቢለዋወጥ ጉዳት የለውም። ቃለ ጉባኤ ያዡ ውሳኔውን፣ ፈጻሚውንና ቀኑን በዚያው ዕለት ይጽፋል፤ «3 ሰዓት» የሚለውን ስልኩ 9:00 ብሎ ስለሚያሳይም ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስፈር አለበት። (ይህን ሥራ ሳይጠይቁ ለሴት አባል የመተው ልማድ በብዙ ቡድን ታዝቤአለሁ፤ በዕጣ ቢሆን ይሻላል።)

ከሁሉ የሚዘነጋው አገናኙ ነው። ፊት ለፊት ስንቀመጥ ዝም ያለው ሰው መስማማቱን ወይም ማኩረፉን ከገጹ እናነባለን፤ በዙም ግን ዝምታው መስማማት ይሁን፣ ቅሬታ ይሁን፣ ወይም መሐል ሜዳ ላይ መብራት ጠፍቶ መስመሩ ተቋርጦ ይሁን አይታወቅም። ስለዚህ አገናኙ በስብሰባው ላይ የተቋረጡትን መዝግቦ፣ በዚያው ቀን በኢንተርኔት ሳይሆን በተለመደው የስልክ ጥሪ ይደውልላቸዋል፤ ውሳኔውን ያነብላቸዋል፤ የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር እንዲመልሱለት ይጠይቃል፤ ተቃውሞ ካላቸውም ሳያለዝብ ለቡድኑ ያደርሳል። «መልእክቱን አይቶታል» የሚለውን ምልክት እንደ መልስ መቁጠር አይገባውም። ለዚህ ሥራ አንደበተ ርቱዕ ሳይሆን ታጋሽ ሰው ምረጡ፤ የካርድ ወጪውንም ቡድኑ ይሸፍንለት።

በመጨረሻም የሦስቱን ስምና የተተኪዎቻቸውን ስም በቴሌግራም ግሩፑ አናት ላይ ፒን አድርጉ። አገናኙ ወደ ገጠር የሚወጣ ከሆነ፣ ከመሄዱ በፊት ያልተደወለላቸውን አባላት ዝርዝር ለተተኪው ያስረክብ።