ከዋሽንግተን ቶሮንቶ በመኪና፦ ከቀረጥ ነፃ መጠጥና ሲጋራ እንዴት ይገዛል?

በእኛ ክረምት፣ በእነርሱ ደግሞ በጋ በሆኑት ወራት፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ወይም ወንድም እህቶቻቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ ሰዎች፣ እግረ መንገዳቸውን ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻቸውንም ማየታቸው የተለመደ ነው። ጉዞው ብዙ ጊዜ በቤተሰብ መኪና ይሆንና ድንበሩ የሚታለፈው የኒያጋራ ወንዝን ከሚሻገሩት ድልድዮች በአንዱ ነው፤ ባፋሎን ከፎርት ኢሪ በሚያገናኘው ፒስ ብሪጅ፣ ፏፏቴው አጠገብ ባለው ሬይንቦ ብሪጅ፣ ወይም ከእነርሱ በስተሰሜን በሚገኘው የሉዊስተንና የኩዊንስተን ድልድይ። በእነዚህ መሻገሪያዎች አካባቢ ከቀረጥ ነፃ ሱቆች ይገኛሉ። ከፒያሳም ተነሣ ከሜክሲኮ፣ የአዲስ አበባ ሰው ዱቲ ፍሪን የሚያውቀው በቦሌ አየር ማረፊያ ነው። የየብስ ድንበሩ ሱቅ ግን በሕጉም በአሠራሩም የተለየ ስለሆነ፣ የቦሌውን ልማድ ይዞ የሚገባ መንገደኛ ወይ ከተፈቀደለት በላይ ይገዛል፣ ወይ ያተረፈ እየመሰለው ምንም ሳያተርፍ ይወጣል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ሱቁ ነፃ የሚያደርገው ከሚወጡበት አገር ግብር ብቻ መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው ሱቅ ዕቃው ከአገር የሚወጣ በመሆኑ የአሜሪካን ቀረጥና ኤክሳይስ ታክስ ያስቀርልዎታል፤ ድልድዩን ተሻግረው ሲደርሱ ግን የካናዳ ጉምሩክ ያንኑ ጠርሙስ ከሌላ ሱቅ እንደተገዛ ማንኛውም ገቢ ዕቃ አድርጎ ነው የሚያየው። በመደርደሪያው ላይ ገደብ የለም፤ ገደቡ ያለው ማዶ ነው። ስለዚህ ከሱቁ ከመግባትዎ በፊት የሚቆጥሩት በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ብዛትና ዕድሜ ይሁን። ቶሮንቶ ወደምትገኝበት ክፍለ ግዛት፣ ወደ ኦንታሪዮ የሚገባ ሰው ከቀረጥ ነፃ መጠጥ ለማስገባት 19 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በሌሎቹ የካናዳ ክፍለ ግዛቶች በኩቤክ፣ በአልበርታና በማኒቶባ 18 ዓመት ይበቃል። በኋላ ወንበር የተኛ የ10 ዓመት ልጅ ለአንድ ጠርሙስ እንኳ አይቆጠርም።

ለጎብኚ የሚፈቀደው የመጠጥ መጠን በሦስት አማራጮች የተቀመጠ ነው፤ እስከ 1.14 ሊትር አረቄ፣ ውስኪ ወይም ሌላ መጠጥ፣ አለዚያ እስከ 1.5 ሊትር ወይን፣ አለዚያ እስከ 8.5 ሊትር ቢራ፣ ማለትም ባለ 355 ሚሊ ሊትር 24 ጣሳ። ከሦስቱ የሚመረጠው አንዱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ውስኪና ሁለት ጠርሙስ ወይን በአንድ ሰው ስም አይገቡም። ባልና ሚስት ከሆኑ ግን አንዱ ውስኪውን፣ ሌላው ሁለቱን ባለ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ሊይዙ ይችላሉ፤ ሁለቱ ወይኖች ልክ 1.5 ሊትር ይሞላሉ። በድንበሩ ሱቆች 1.14 ሊትር የተጻፈበት ትልቅ ጠርሙስ ካዩ እንግዳ አይሁንብዎ፤ መጠኑ ከካናዳው ገደብ ጋር አንድ ነው። ይህ ጠርሙስ ወደ ካናዳ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ግን እንደማይሆን ከታች እናያለን።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ የሚሆን ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። ከቤት በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቋጥሮ የመጣ አረቄ ወይም ጠጅ በሻንጣ ውስጥ ካለ፣ እርሱም ከገደቡ ይቆጠራል። አረቄው አንድ ሊትር ከሆነ ከውስኪ የሚቀርዎ 140 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ስም፣ መጠንና የአልኮል ኃይል ያልተጻፈበት ጠርሙስ ጥያቄ ማስከተሉ የማይቀር ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ያ አረቄ ዋሽንግተን ያለው ዘመድ ቤት ቢቀር ይሻላል። ጫትን በተመለከተ ግን ምርጫም የለም፤ በሁለቱም አገሮች የተከለከለ ነው።

በሲጋራ ረገድ የካናዳው ደንብ ለጎብኚ ለጋስ ነው ሊባል ይችላል፤ 200 ፍሬ ሲጋራ፣ ማለትም አንድ እስቴካ፣ ከዚያም በተጨማሪ 50 ሲጋርና 200 ግራም የተዘጋጀ ትምባሆ ማስገባት ይፈቀዳል። በመጠጡ ላይ አንዱን የመምረጥ ግዴታ ቢኖርም፣ እዚህ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ይሁን እንጂ በመኪናው ውስጥ የካናዳ ነዋሪ የሆነ ዘመድ ካለ፣ የእርሱ ሂሳብ ከእንግዳው የተለየ ነው። ነዋሪው መጠጥና ሲጋራ ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት ከካናዳ ውጭ ቢያንስ 48 ሰዓት መቆየት አለበት። ለአንድ ቀን ባፋሎ ደርሶ ለተመለሰ ሰው በሁለቱም ዕቃዎች ላይ ምንም ነፃ መብት የለውም። 48 ሰዓት ቢሞላውም እንኳ፣ በሲጋራው ፓኮ ላይ የካናዳ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ከሌለ ልዩ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ምልክቱ በዱቲ ፍሪ በሚሸጡ ካናዳ ውስጥ በተመረቱ ሲጋራዎች ላይ ስለሚገኝ፣ ነዋሪው እነዚያን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት ግን ግዢው ያዋጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ መልሱም እንደሚኖሩበት ቦታ ይለያያል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ የሚጥለው ኤክሳይስ 1 ዶላር ከ1 ሳንቲም ገደማ ነው። ከፍተኛውን የሚወስዱት ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው፤ ኒውዮርክ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓኮ 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም፣ ሜሪላንድ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 ዶላር ሲያስከፍሉ፣ ቨርጂኒያ የምትወስደው 60 ሳንቲም ብቻ ነው። እንግዲህ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኝ ሱቅ ሲጋራ ለሚገዛ ሰው በእስቴካ የሚቀርለት ግብር 60 ዶላር ሲደርስ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው ወዳጁ ግን 16 ዶላር ያህል ነው፤ ሱቁ የራሱን ትርፍ ሲጨምርበት ይህም ይሳሳል። በውስኪ ላይ ያለው ልዩነት ከዚያም ያነሰ ነው። በአንድ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ ላይ ያለው የፌዴራል ኤክሳይስ 3 ዶላር አይሞላም፤ ስለዚህ በዋሽንግተን ዋጋ ለሚያወዳድር ሰው ትርፉ እምብዛም ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ጠርሙሱ የሚከፈተው ቶሮንቶ ላይ ከሆነ ነው፤ የኦንታሪዮ መንግሥት ኤልሲቢኦ በሚባለው የራሱ መደብር በኩል በመጠጥ ላይ የሚጨምረው ክፍያ ከባድ ስለሆነ፣ ለሠርግ ቤት ይዞ የሚሄድ እንግዳ በእርግጥ ያተርፋል። ዋጋውን ሲያነቡም በአሜሪካ ዶላር ይሁን በካናዳ ዶላር መጻፉን ያጣሩ፤ በካናዳ በኩል ባለ ሱቅ ርካሽ የመሰለና በአሜሪካ በኩል ውድ የመሰለ ጠርሙስ ሲመነዘር እኩል ሊሆን ይችላል።

በግዢው ወቅት ፓስፖርትዎን በእጅዎ ይያዙ፤ ዕድሜዎና መሻገርዎ ይረጋገጣል። አንዳንዱ ሱቅ የሚገኘው ከመጨረሻው መመለሻ በኋላ ስለሆነ ዕቃውን ወዲያው ያስረክባል፤ ሌላው ግን የከፈሉበትን ዕቃ ይዞ የሚያስረክብዎ በመውጫው በኩል ነው። ሁለቱም የሚሸጡት ድንበሩን ለሚያቋርጥ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ለካናዳ የራሷ ቪዛ ስለሚያስፈልገው፣ የካናዳ ቪዛ ሳይኖረው «ሱቁን አይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ድልድዩ መስመር መግባት የለበትም። መስመሩ አንዴ ከተያዘ ብዙ ጊዜ መውጫው የካናዳ ኬላ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ አሜሪካ መግባት ደግሞ እንደገና የመግቢያ ምርመራ ያስከትላል። ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር ያኑሩት። ጠርሙሶቹን ሳይከፍቱ፣ ከነሱቁ ከረጢት በኋላ ኮፈን ውስጥ ከሌላው ሻንጣ በላይ ያስቀምጧቸው፤ መኮንኑ አሳዩኝ ቢል የስድስት ሰው ልብስ ማራገፍ አይኖርብዎትም።

በኬላው መስኮት የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ መጠጥ፣ ትምባሆ፣ ካናቢስ፣ የጦር መሣሪያ ይዛችኋል ወይ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ሾፌሩ በመሆኑ፣ ሾፌሩ ተሳፋሪዎቹ በሙሉ የያዙትን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እናት በቦርሳቸው የያዟት ትንሽ ጠርሙስ ሳትጠቀስ ቀርታ በፍተሻ ስትገኝ፣ «ረስቼ ነው» የሚለው መልስ ክብደቱ ትንሽ ነው። በቁጥር መመለስ ነገሩን ያቀላል፤ «አዋቂዎች አራት ነን፣ ሁለት ጠርሙስ ውስኪ፣ እያንዳንዱ 1.14 ሊትር፣ አንድ እስቴካ ሲጋራ» የሚል መልስ ሌላ ጥያቄ አይጋብዝም። ከገደቡ በላይ የያዘ ሰውም ካሳወቀ በትርፉ መጠን ላይ ቀረጡንና የክፍለ ግዛቱን ክፍያ ከፍሎ ያልፋል፤ ክፍያው ከጠርሙሱ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ስለሚሆን ግን ሆነ ብሎ ትርፍ መያዝ አይመከርም። ያላሳወቀ ሰው መጠጡና ሲጋራው ተወርሶ አይመለስለትም፤ በሌሎች ዕቃዎች ላይም በሐሰት ለተገለጸ ዕቃ ከዋጋው 25 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ቅጣት አለ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ለሙሽራው ስጦታ ነው» ማለት አያድንም። ካናዳ እስከ 60 የካናዳ ዶላር ለሚያወጣ ስጦታ የምትሰጠው ነፃ መብት መጠጥንና ትምባሆን አይጨምርም፤ ስጦታው ከእርስዎ የግል ገደብ ውስጥ ተቆጥሮ ነው የሚገባው።

ወደ አሜሪካ መመለሻው ላይ ደንቡ ይጠብባል። ዕድሜው 21 የሞላው ጎብኚ 1 ሊትር መጠጥና 200 ፍሬ ሲጋራ ይፈቀድለታል፤ 1.14 ሊትር የነበረው ጠርሙስ እዚህ 140 ሚሊ ሊትር ይተርፈዋል። ስለዚህ ከካናዳ በኩል ለመልሱ የሚገዛ ሰው ባለ 1 ሊትሩን ወይም ባለ 750 ሚሊ ሊትሩን ይምረጥ። የአሜሪካ ነዋሪ የሆነው ልጅዎ ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፤ 48 ሰዓት ካልሞላው መብቱ ወደ 50 ፍሬ ሲጋራና ወደ 150 ሚሊ ሊትር መጠጥ ይወርዳል፤ ይህም አንድ ትንሽ የኪስ ጠርሙስ ያህል ነው። በሄዱበት ጊዜ ከአሜሪካው ዱቲ ፍሪ የገዙትንና ቶሮንቶ ላይ ሳይከፈት የቀረውን ጠርሙስ ይዞ መመለስም ይቻላል፣ ነገር ግን ከአሜሪካ ግብር ነፃ ሆኖ የወጣ ዕቃ ስለሆነ ሲመለስ ለነዋሪው ከሚሰጠው ነፃ መብት ውስጥ አይገባም። ቶሮንቶ ውስጥ በግልጽ የሚሸጡት የኩባ ሲጋርና ሮም ደግሞ፣ ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለግል ፍጆታም ቢሆን ወደ አሜሪካ አይገቡም፤ ባለቤቱ እዚያው አጢሶ ጠጥቶ ይምጣ።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል የሚል ካለ፣ በሚያስረክበው ሻንጣ የአልኮል ኃይሉ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይጫናል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነው ጭራሽ አይጫንም። ቦሌ ላይ የሚያከራክረው ግን ሌላው ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባት ከልክሏል፤ ለወንድም ልጅ ታስቦ የተገዛ ቬፕ እዚያው ከገዙበት አገር ይቅር።