መንጋው ወጣ፣ ሳልሞኔላው ቀረ፦ በዶሮ እርባታ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንዱ መንጋ ወጥቶ ቤቱ ይታጠባል፤ አዲስ ጫጩት ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ምርመራው በፊተኛው መንጋ ላይ የነበረውን ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ያሳያል። ያኔ ጣት የሚቀሰረው ጫጩት አቅራቢው ላይ ነው። አንዳንዴ እውነትም ከዚያ ይመጣል፤ ጀርሙ ከእናት ዶሮ በእንቁላል በኩል ሊተላለፍ ይችላልና። ብዙ ጊዜ ግን ከቤቱ ጭራሽ አልወጣም ነበር።

ኩስ ላይ ኬሚካል መርጨት። ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። ኩስ፣ ላባና የመኖ ብናኝ የፀረ-ጀርም ኬሚካሉን አቅም ይጨርሱታል። ቆሻሻው ሳይነሳ መርጨት ውሃ መውቀጥ ነው። መጀመሪያ ጉዝጓዙ ይውጣ፣ አቧራው በደረቁ ይጠረግ። ከዚያ በሳሙና ይታጠብ፣ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ፣ ይድረቅ። ኬሚካሉ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ማድረቁን ብዙዎች ይዘሉታል። ወለሉ ላይ የተኛ ውሃ ግን ኬሚካሉን ያቀጥነዋል፤ ከእጥበት የተረፈው ባክቴሪያም እርጥበት ሲያገኝ ይራባል። ስትጨርሱ ጓንት አድርጋችሁ የማራገቢያውን ክንፍ በጀርባው በኩል ዳስሱት። ግራጫ አቧራ ከያዘ ቤቱ አልጸዳም። ሳልሞኔላ በደረቅ አቧራ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል።

አይጥና ጥንዚዛን መርሳት። ዶሮዎቹ ሲወጡ እነዚህ አይወጡም። በጀርሙ የተያዘች አይጥ ሌሊት መመገቢያው ላይ ትወጣለች፤ እየበላች እዚያው ኩሷን ትጥላለች። አንዷ ፍንጣሪ ኩስ ከ100 ሺህ በላይ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ጠዋት ዶሮዋ ከመኖው ጋር ትለቅማታለች። ቤቱ ባዶ ሲሆን የተረፈውን መኖ ጠርጋችሁ አውጡ፤ የራባት አይጥ ያኔ ወደምታስቀምጡት የአይጥ መርዝ ትሄዳለች። ጉዝጓዝ ውስጥ የሚኖረው ጥቁር ጥንዚዛ ደግሞ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ጫጩት ገብቶ ቤቱ ሲሞቅ ይመለሳል፤ ጫጩቶቹም ይበሉታል። ስለዚህ የነፍሳት መድኃኒቱ መንጋው እንደወጣ፣ ቤቱ ሳይቀዘቅዝ ይረጭ።

የውሃ ቱቦውን መዝለል። ውስጡ ላይ የሚይዘው የሚያዳልጥ ዝቃጭ ለባክቴሪያው ምሽግ ነው። ቫይታሚን በውሃ ከሰጣችሁ በኋላ ቱቦውን እጠቡ።

ክትባት ላይ ተማምኖ መተኛት። ክትባቱ ጠቃሚ ነው፤ ዶሮዋ የምታወጣውን ባክቴሪያ ይቀንሳል እንጂ የቆሸሸ ቤት አያጸዳም። አንቲባዮቲክ ደግሞ ጀርሙን ለጊዜው ይደብቀዋል፤ መድኃኒቱን የለመደ ዝርያም ያፈራል።

«ዶሮዎቼ ጤነኛ ናቸው» ማለት። ፑሎረምና ጋሊናረም የተባሉት የሳልሞኔላ ዓይነቶች ዶሮን ይገድላሉ፣ ስለዚህ ይታወቃሉ። ሰውን የሚያሳምመው ኢንተራይቲዲስ የተባለው ዓይነት ግን ትልልቅ ዶሮዎችን ብዙ ጊዜ አያሳምምም። ዶሮዋ ደህና እየበላች፣ ደህና እየጣለች፣ ጀርሙን እንቁላሉ ውስጥ ታስቀምጣለች። በዓይን ማየት እዚህ አይሠራም። ከእጥበቱ በኋላ ከወለል ስንጥቅ፣ ከማራገቢያና ከመመገቢያ ሥር ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይሂድ። ውጤቱ ሳልሞኔላ ካሳየ ጫጩቱ ይቆይ፣ ቤቱ እንደገና ይታጠብ።